የማይበተነው ሬዲዮ

ስካነር ማለት ጆሮ እንጂ አፍ የሌለው ሬዲዮ ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል። የአየር ሞገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየፈተሸ፣ ሰው ሲናገር ያገኘበት ላይ ቆሞ ያሰማል፤ አብራሪ ከማማው ጋር ሲነጋገር፣ የእሳት አደጋ መኪና ሲጠራ፣ የዕቃ ባቡር ነጂ ስለ ፍሬኑ ሲያማርር። መልስ መስጠት አይቻልም። ይህንን ለመዝናኛ ብለው ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጡ ሰዎች በቶሮንቶ መኖራቸውን የሰማሁ ዕለት አዘንኩላቸው። ኋላ ሳስበው ግን እኔም ዕድሜ ልኬን ስሠራ የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ የማይመለከተኝን ማዳመጥና አስተያየት መስጠት። እነሱ ቢያንስ አስተያየት አይሰጡም።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በቶሮንቶ ምዕራብ ጫፍ ኢቶቢኮ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም በማይርቅ መጋዘን መሰል ሕንፃ ውስጥ፣ እነዚህን ስካነሮች የምትሠራ ትንሽ ድርጅት ቀጠረችኝ። ከእኔ ጋር ሰባት ሰዎች ነበርን። ከዚያ በፊት እዚያው ሰፈር ስድስት ዓመት ካርቶን ተሸክሜአለሁ። አዲስ አበባ የተማርኩት ምህንድስና ካርቶን ሳይናድ ለመደርደር በጣም ጠቅሞኛል፤ ሌላ ጥቅሙን አላየሁም ነበር። የድርጅቷ ባለቤትና የእኔ አለቃ ራሱ የነገሩ ሱሰኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቹ ጋር አጥሩ ሥር ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ፣ አውሮፕላኖቹ በራሱ ላይ ሲያልፉ አብራሪዎቹ የሚሉትን ይሰማል። ለቃለ መጠይቅ ስገባ የድሮ ሞዴላቸውን ሰጠኝ። አገላብጬ አየሁትና ይህ ሲወድቅ ይበተናል አልኩት። የደንበኞች ደብዳቤ ሁሉ የሚለው ለካ ይህንኑ ኖሯል፤ እኔ ግን እንደ ነቢይ ተቆጠርኩ።

እውነትም ይበተን ነበር። ከእጅ ሲያመልጥ የጀርባው ክዳን ይወረወራል፣ አራቱ ባትሪዎች ወደ አራቱ ማዕዘን ይሮጣሉ፣ ባለቤቱ ተንበርክኮ ከመኪና ሥር ይለቅማል። አለቃዬ የማይበተነውን አንተ ሥራው አለኝ። ካናዳ ከገባሁ ከጀርባዬ ሌላ በሆነ ነገር ስፈለግ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ክዳኑን በሁለት ብሎን አሰርኩት። ጠርዙን ጎማ አለበስኩት። ሽፋኑን አወፈርኩት። ውስጥ ያለውን ሁሉ ንቅንቅ እንዳይል አድርጌ ጠረቀምኩት። አሥራ ሦስት ናሙና በእጅ ሠራንና አንዱን ይዤ በቁመቴ ልክ ከፍ አድርጌ ሲሚንቶ ላይ ጣልኩት፤ በጀርባው፣ በጎኑ፣ በአፍጢሙ። አልተበተነም። በወደቀ ቁጥር አንስቼ ማማውን አዳምጣለሁ፤ ሰውየው ጆሮዬ ሥር ቆሞ የሚያወራ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። የሥራ ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ። እኔ በጭብጨባ የማላምን ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን አመንኩ።

የቀረው ሞልዱ ነው። ሞልድ ማለት ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ወዲያ «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» የሚባል ነገር የለም። እኛን የምታህል ድርጅት ሁለት ጊዜ አታስቆርጥም። ስለዚህ ናሙናዎቹን ለሰዎች ሰጥተን ለሁለት ሳምንት እንዲጠቀሙባቸው፣ ፎርም እንዲሞሉ፣ ከዚያም ዓርብ ዕለት እኔ ፈርሜ ፋይሉን ለሞልድ ሠሪው እንድልክ ተስማማን። ከተሳሳትኩ የመጀመሪያ ሥራዬ የመጨረሻዬ ይሆናል፤ የስድስቱም ባልደረቦቼ እንጀራ አብሮኝ ይሄዳል።

ስድስቱን አለቃዬ ለአጥር ሥር ጓደኞቹ አደለ። ስድስቱን እኔ ባለቤቴ ወደምትሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ወንጌላውያን ናቸው። እኔ እሷን በመኪና አድርሼ ከኋላ ወንበር ላይ መጽሐፍ የማነብ ሰው ነኝ፤ ጉባኤውም ይህንን ጉዳዬን በጸሎት ይዞልኛል። ከመረጥኳቸው መሐል ዋናው ጋሼ የምላቸው አዛውንት ነበሩ። በጉልምስናቸው የመርከብ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ከአውሮፕላን ማረፊያው ርቆ በከተማው ምሥራቅ ባለው ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ሲኖሩ፣ የእኛኑ ድርጅት የድሮ ሞዴል ገዝተው ያዳምጣሉ። እሳቸውን አይታ የለመደች አንዲት የአረጋውያን ተንከባካቢም ወሰደች፤ እሷ የእሳት አደጋ ጥሪ እየሰማች ለማታውቃቸው ሰዎች ትጸልያለች። የቀሩት አራቱ «እሺ፣ ላንተ ብለን» ብለው ወሰዱ። ይህ «ላንተ ብለን» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

አምስቱ ፎርሞች በጊዜ መጡ። ሁሉም ምስጋና ናቸው። ያየኸው ጉድለት ካለ በሚለው መስመር ላይ አንዱ «ጌታ ይባርክህ» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ይሉኝታ አገር ያጠፋል እያልኩ በማኅበረሰቡ ጋዜጣ ላይ ሦስት ጊዜ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ በሦስተኛው ጽሑፍ የተቀየሙኝ ሰዎች እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። አምስቱን ፎርም አንብቤ አንዱንም አልጠረጠርኩም። ሰው ይሉኝታን የሚጠላው ለሌላው ሲደረግ ነው።

ስድስተኛውን ፎርም ለመቀበል ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ወደ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ከታች ደውዬ ከወጣሁ በኋላ በሩን ለመክፈት ትንሽ ቆዩ። ሻይ ቀርቧል። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በዚያ በሚያምር የድሮ እጅ ጽሑፋቸው «መሣሪያው እጅግ የሚያስደንቅ ነው» ይላል። ሬዲዮዬ መስኮቱ ደፍ ላይ ቆሟል። ስክሪኑ በርቷል፤ ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ሲያዩት ሥራ ላይ ነው። ድምፅ ግን የለውም።

ዛሬ ዝም አለሳ አልኳቸው። ዛሬ ጭር ብሏል አሉና ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቁኝ። ደህና ናት እያልኩ ሳለ፣ ከተቀመጥኩበት ሶፋ ትራስ ሥር አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከፊትህ ሦስት አሉ፣ ባለህበት ቆይ፣ አለ። ሌላ ሰው ደግሞ በትሕትና አመሰገነው።

ጋሼን አየሁ። እሳቸው ሻያቸውን አዩ።

ትራሱን ሳነሣው የድሮው ሞዴል ከሥሩ ተኝቷል። ክዳኑ እንዳይከፈት ወገቡን በላስቲክ ታስሯል። እኔ ከታች ስደውል ወሽቀውት፣ ማጥፋቱን ረስተውታል። የእኔን ከመስኮቱ አነሣሁና የአየር ጠባይ ወደሚነገርበት ጣቢያ ወሰድኩት። ያ ጣቢያ ሌሊትና ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። በእኔ ሬዲዮ የሚሰማው ግን ሽሽሽ የሚል ብቻ ነው። የድሮውን በዚያው ጣቢያ ላይ አድርጌ አጠገቡ አቆምኩት፤ ነፋሱ ከምዕራብ እንደሚመጣ፣ ማምሻውን እንደሚዘንብ ረጋ ብሎ ነገረን። ሰባት ወር የሠራሁት ዕቃ ደንቁሮ፣ ቁጥር እያሯሯጠ የሚሰማ መስሎ ቆሟል። ቢበተን ኖሮ ይታወቅ ነበር። ይህ ግን ምንም አልሆነም። አንድም ጭረት የለበትም።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«በሁለተኛው ቀን።»

«ከምን ላይ ወደቀ?»

«ከዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዴ ብቻ። አልተበተነም እኮ፣ ጎበዝ ነው። ከዚያ ወዲህ አይናገርም እንጂ።»

«ታዲያ ፎርሙ ላይ የሚያስደንቅ ነው ብለው ጻፉ?»

«ሽፋኑ ያስደንቃል። ውሸት ነው?»

ድምፄን ከፍ ማድረጌን አስታውሳለሁ። አንቱ እያሉ መጮህ ከባድ ነገር ነው፤ ግሡ ራሱ ይይዝሃል። ዓርብ ልፈርም ነበር፣ ሞልዱ ሊቆረጥ ነበር፣ እኔም ሌሎቹም ሥራ ልናጣ ነበር፣ እያልኩ ቆጠርኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስድስት ዓመት ካርቶን ስትሸከም አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ሚስትህ በየእሑዱ ስላንተ ሥራ ስታለቅስ አይቻለሁ። መጀመሪያ በሰጡህ ሥራ ላይ እኔ ልመስክርብህ?»

ባለቤቴ እንደምታለቅስ አላውቅም ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር።

ካቻቢቴ አለዎት ወይ አልኳቸው። የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ያን ሁሉ ያጠበቅኩትን ብሎን ፈታሁ። አንቴናው ከውስጠኛው ሰሌዳ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። መነጽራቸውን አድርገው አዩዋትና እንደ ሐኪም ራሳቸውን ነቀነቁ። መርከብ ላይ ዕቃ ሲታሰር ትንሽ ላላ ተደርጎ ነው፣ ጥርቅም አድርገህ ያሰርከውን ማዕበሉ ይበጥሰዋል፣ አሉኝ። የድሮው ሲወድቅ ምቱ ከክዳኑና ከባትሪዎቹ ጋር ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። እኔ መውጫውን ሁሉ ዘጋሁበት፤ ምቱም ወደ ውስጥ ገባ። ያ የተናቀው መበተን ለካ ሬዲዮውን ሲያድነው ኖሯል።

ታዲያ እኛ ዘንድ ያ ሁሉ ጊዜ ወድቆ እንዴት ሰማ? ይህ የገባኝ ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነው፤ መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ከመሥሪያ ቤታችን መስኮት የአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ይታያል። እኔ ደግሞ በወደቀ ቁጥር የምፈትነው በዚያው ማማ ነው። ማማው ቅርብ ስለሆነ፣ እዚያ አጥር ሥር አንቴናው የተሰነጠቀ ደንቆሮም ይሰማል። አለቃዬ ናሙናዎቹን ያደላቸው ስድስቱ ሰዎችስ የሚያዳምጡት የት ነው? አጥሩ ሥር።

ቤቴ ገብቼ ለአምስቱም ደወልኩላቸው። ሁለቱ ቶሎ አመኑ፤ ሞቶ ነበር፣ አንተን ላለማስከፋት ነው፣ አሉኝ። አንዱ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው እያለ ቆየና፣ አውቄአለሁ ስለው፣ ካወቅክማ ለምን ትጠይቀኛለህ ብሎ ተቆጣኝ። «ጌታ ይባርክህ» ያለው ሰውዬ ጭራሽ ከካርቶኑ አላወጣውም፤ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ስጦታ አስቀምጦታል። የመጨረሻዋ ያቺ የምትጸልየዋ ሴት ናት።

«እኔ እኮ ከተማው ሰላም ሆኖ መስሎኝ ነው» አለችኝ። «አሥር ቀን ሙሉ አንድ እሳት የለም። እሑድ ቆሜ ምስክርነት ሰጥቼበታለሁ።»

ያን ምስክርነት ስትሰጥ እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። እልልታውን ሰምቼአለሁ። ገጽ ገልጬ ማንበቤን ቀጥዬ ነበር።

ባለቤቴ ማዶ ተቀምጣ የእኔን ወገን ንግግር ብቻ እየሰማች ነበር። ስልኩን ዘጋሁ። ነገ ለአለቃህ ትነግረዋለህ አለች፤ ትነግረዋለህ ወይ አላለችም።

ሐሙስ ጠዋት ነገርኩት። የተናገርኩትን እንግሊዝኛ አላስታውስም፤ የማስታውሰው እሱ የመኪናውን ቁልፍ ማንሣቱን ነው። የጋሼን ደንቆሮ ሬዲዮና አንድ የድሮ ሞዴል ከመኪናው የፊት መስተዋት ሥር አቁመን፣ ሁለቱንም ማማው ላይ አድርገን፣ ሀይዌዩን ይዘን ወደ ምሥራቅ ነዳን። መጀመሪያ ሁለቱም እኩል ያወራሉ። ጥቂት መውጫዎች እንዳለፍን የእኔው መንተባተብ ጀመረ። ቀጥሎ ቃል እየዋጠ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። የድሮው ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬውን ቀጠለ። አለቃዬ በሚቀጥለው መውጫ ወጥቶ የአንድ ቡና ቤት መኪና ማቆሚያ ላይ አቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። እሱም ስለ ስድስቱ ጓደኞቹ ማሰቡ ነው። ወዲያው ለሞልድ ሠሪው ደወለና ዓርብ ምንም እንደማይላክ ነገረው። የሚቀጥለው ተራ ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው፤ ዓመቱ ካለፈ ደግሞ ድርጅቷ የለችም።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ ሰዎችህ ለምን አልነገሩህም አለኝ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ታሪክ ጠቀስኩ፣ ባህል ጠቀስኩ፣ የራሴን ጽሑፎች ሳይቀር ጠቀስኩ። በትዕግሥት ሰማኝና «አማቴ እንደዚያ ናት» አለ። የሦስት መጣጥፌ ጠቅላላ ድምር ይህ ሆነ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሠራሁ። ብሎኖቹን ጣልኩ። ክዳኑ ሲወድቅ እንዲከፈት ተውኩት፤ እንዳይጠፋ ግን በአጭር ክር አሰርኩት፤ ባትሪዎቹንም አንድ ላይ በሚይዝ ቅንፍ ከተትኳቸው። አንቴናው ሰሌዳው ላይ መበየዱ ቀርቶ ትንሽ በሚወዛወዝ ሽቦ ተያያዘ። ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ መኪናዬን አስነሥቼ ጋሼ ሰፈር፣ ኢስት ዮርክ ድረስ እየሄድኩ አዳመጥኩ። ይሰማል። ግን እኔ መሰማቱን እንጂ ሰው እጅ ውስጥ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሞካሪ ያስፈልገኛል፤ የማውቃቸው ሞካሪዎች ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።

መላውን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው።

«ያንተ መሆኑን አትንገራቸው» አሉኝ። «የሌላ ሰው ሥራ ነው በላቸው። ለሐሜት እኛን የሚያህል የለም።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልዋሽ ነው ወይ አልኳቸው። አንተ እዚያ ምን ስትሠራ ኖረሃል አሉኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት፣ ስድስት ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። የተቀናቃኝ ድርጅት ዕቃ ነው፣ አለቃዬ ድክመቱን ማወቅ ይፈልጋል፣ አልኩ።  ከዚያ አንዱ አነሣው፣ መዘነው፣ ከንፈሩን መጠጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ለዓመታት በምስጋና ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ሥራዬን እየተቀባበሉ ቆዳውን ገፈፉት። ክዳኑን በክር የታሰረ የሕፃን ጓንት አሉት። ለሠርግ ያስቀመጠው ሰውዬ ይህንን ለጠላቴም አልሰጠው አለ። ቀለሙ የጉንፋን መድኃኒት ይመስላል ተባለ። የምትጸልየዋ ሴት ኮቷን ደርባ ሁለት እጇን ጓንት ውስጥ ከታ ቁልፎቹን ለመጫን ሞከረች።

«ይህን የሠራው ሰው ክረምት አያውቅም» አለች። «አንድ ጊዜ ጓንት አድርጎ ቢሞክረው ምን ነበር? ከሞቀ ቤት ወጥቶ አያውቅም መሰለኝ።»

ስድስት የቶሮንቶ ክረምት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ካርቶን ስቀበል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አንድም ቀን በጓንት አልሞከርኩትም። ጆሮዬ እየጋለ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ። አንዱን ናሙና ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሁሉም እያየ፣ ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት። ክዳኑ ተከፈተ፣ ቅንፉ በክሩ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሰዉ ሳቀ። አጎንብሰው አነሡት፣ ቅንፉን መለሱ፣ ክዳኑን ዘጉ። የአየር ጠባዩ ሰውዬ ወዲያው ስለ ሰሜኑ በረዶ ማውራቱን ቀጠለ። አንድም ሰው አላመሰገነም። ይሁን እንጂ ወድቆም መናገሩ አልቀረም፣ አለ አንዱ፣ ቅር ብሎት።

ሴትዮዋ ሠሪውን ታውቀዋለህ ወይ አለችኝ።

«በሩቁ» አልኳት።

ባለቤቴ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች። ትናንት ቤት ውስጥ አይታው ትንፍሽ አላለችም ነበር። አሁን ሰው መሐል ተቀምጣ፣ ሻይዋን አስቀምጣ፣ ሬዲዮውን እያገላበጠች፣ ድምፅ መጨመሪያው ለሰው ጣት የተሠራ አይደለም፣ ለወፍ አፍ ነው፣ አለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። ያንንም ጻፍኩት።

በዚያን ቀን አሥራ ሁለት ጉድለት ይዤ ወጣሁ። ዘጠኙን በቀረኝ ሳምንት አስተካከልኩና ፈርሜ ፋይሉን ላክሁ። ሞልዱ ተቆረጠ፤ ድርጅቷም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆየች። ከቀሩት ሦስቱ፣ ሁለቱ ስለ ቀለሙ ነበሩ፤ ቀለሙን የመረጠው አለቃዬ ስለሆነ ይሉኝታ ያዘኝ። ሦስተኛው የባለቤቴ ነው። ድምፅ መጨመሪያው ምንም አልጎደለውም ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራታለሁ፤ እሷም እስከ ዛሬ በጥፍሯ ነው የምታዞረው።